ለ11ኛ ክፍል ልጆች የፋብሪካ ሙያን በምን እናሳያቸው? (ደሴ–ኮምቦልቻ)

የሙያ_ክበብ (መነሻ)

አማን ናችሁ። የምጽፈው ደሴ ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙያ ምክር ክበብ ነው። 42 የ11ኛ ክፍል ልጆችን ይዘን ኮምቦልቻ ልንወርድ ነው፤ 23ቱ ሴቶች ናቸው። በጀታችን ለመኪና ኪራይ ብቻ ይበቃል።

የሚያሳስበኝ ጉብኝቱ ራሱ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ልጆቹ እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። ስለ ፋብሪካ ስናወራላቸው የሚሰሙት «ስትወድቁ የምትገቡበት» የሚል ነው። ጎበዙ ልጅ ጆሮውን ይደፍናል፣ ያልቀናው ደግሞ እንደ ቅጣት ይወስደዋል። ይህን ለመለወጥ ከመውረዳችን በፊት ክፍል ውስጥ ምን እናሠራቸው? እዚያስ የቱ ማሽን ፊት እናቁማቸው? የኬሚስትሪ ላባችን ውስጥ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛንና ሁለት ቴርሞሜትር አለ።

ክር_ቁጥር (የፈትል ክፍል)

መምህርት፣ ሚዛኑ ካለዎት ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ንግግሩን ይተዉትና ከገበያ አንድ ጥቅል ድር ይግዙ፤ ሸማኔ የሚገዛው የፋብሪካ ነጠላ ክር ማለቴ ነው። ከእሱ ጋር በእንዝርት የተፈተለ ማግም ይያዙ። ወሎ ውስጥ ሁለቱም በየቤቱ አሉ።

ርዝመቱ በትክክል 50 ሳ.ሜ. የሆነ ጣውላ ያስቆርጡ። ክሩ አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ 1 ሜትር ነው፣ 100 ዙር 100 ሜትር። ክሩን ከጣውላው ላይ አውጥተው ይመዝኑት። 59.05ን በግራሙ ሲያካፍሉ የሚገኘው ፋብሪካ ውስጥ ካውንት የምንለው ቁጥር ነው። ባለ 20 ካውንት ክር 100 ሜትሩ 2.95 ግራም ይመዝናል፣ ባለ 10 ካውንት 5.9 ግራም አካባቢ። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፤ ልጆቹ መጀመሪያ ገልብጠው ነው የሚገምቱት፣ ስለዚህ አስቀድመው አይንገሯቸው።

የሚሳሳቱበትን ቦታ ልንገርዎት። ክሩን ወጥሮ የጠመጠመ ልጅ ክሩን ስቦ ያረዝመዋል፣ ግራሙ ያንሳል። ዙር በዙር ላይ የደረበ ልጅ ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ይወስዳል። ዙሩ ጎን ለጎን እንጂ አንዱ ባንዱ ላይ አይሁን። ሌላው፣ ጥጥ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ጠዋት ተመዝኖ ከሰዓት ቢደገም ክብደቱ ሊለያይ ስለሚችል ሁሉም ቡድን በአንድ ሰዓት ይመዝን። ድሩ ሁለት ክር የተገመደበት ከሆነም የሚያገኙት የሁለቱ ድምር ነው፤ ጫፉን በጣት አላልተው ይፍቱትና ይዩት።

ከኩሽና ሚዛን ጋር ያለውን ልዩነትም ያሳዩአቸው። 1 ግራም ብቻ የሚያነብ ሚዛን «3» ካለ እውነቱ ከ2.5 እስከ 3.5 የትም ሊሆን ይችላል፤ ካውንቱ ከ16.9 እስከ 23.6 ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሚዛን ክር የሚሸጥ ፋብሪካ ደንበኛው ይመልስበታል። ማካፈል የሚጠላ ልጅ እንኳ እዚህ ጋ ነቃ ይላል፤ ቁጥሩ በእጁ ይዞት ካለ ነገር ላይ የወጣ ነውና።

የፋብሪካውን ድርና የእንዝርቱን ማግ አምስት አምስት ናሙና ያስመዝኑ። የእንዝርቱ ከናሙና ናሙና በጣም ይራራቃል። እንግዲህ «ፋብሪካው ይህን እንዴት አንድ ዓይነት አደረገው?» ብለው ይጠይቋቸውና ሳይመልሱላቸው ይዘዋቸው ይውረዱ። መልሱ ድሮው ፍሬም ላይ ነው፤ ስድስት ወይም ስምንት የጥጥ ገመድ አንድ ላይ ገብቶ ተስቦ አንድ ሆኖ ሲወጣ የአንዱን ቅጥነት የሌላው ውፍረት ያካክሰዋል። ያን ማሽን ከሌላው ሁሉ በላይ ቆመው ይዩት።

ቶርኖ_ቤት

ክር_ቁጥር ያለው ልክ ነው፤ የሚጨበጥ ነገር ይቅደም። እኔ ደግሞ አሮጌ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) እላለሁ። ከየትኛውም ጋራዥ በነፃ ይገኛል።

ቀለበቱ ጎን ላይ ቁጥር ተቀርጿል፣ ለምሳሌ 6205። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ብታበዙ የውስጥ ቀዳዳው ይወጣል፦ 05 ሲሆን 25 ሚ.ሜ.፣ 06 ሲሆን 30፣ 08 ሲሆን 40። ከ04 በታች ይህ ሕግ አይሠራም፤ 00 ሲሆን 10፣ 01 ሲሆን 12፣ 02 ሲሆን 15፣ 03 ሲሆን ደግሞ 17 ሚ.ሜ. ነው። ልጆቹ ቁጥሩን አንብበው ይገምቱ፣ ከዚያ በካሊፐር (የውስጥና የውጪ ስፋት መለኪያ) ይለኩ። 6205 ውጪው 52፣ ስፋቱ 15 ሚ.ሜ. ነው። ፋብሪካ ገብተው ሞተር ላይ ያንኑ ቁጥር ሲያዩ «ይህችን አውቃታለሁ» ይላሉ።

ከዚያ ወደ ዘንጉ እለፉ። 25 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ያለው ኩሽኔታ ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥ ዘንጉ በተለመደው የልክ ደረጃ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚ.ሜ. መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ቀለበቱ ዘንጉ ላይ እየዞረ ይበላዋል፣ ከበለጠ ኩሽኔታው ውስጡ ተጨናንቆ ይግላል። አሁን ጠይቋቸው፦ 0.02 ሚ.ሜ. የሚያነብ ካሊፐር ይህን ሊወስን ይችላል? አይችልም። ለዚህ ነው ማይክሮሜትር ያለው። «ሒሳብ ለምኔ» የሚል ልጅ ካለ መልሱን እዚህ ያገኘዋል።

የተበላሸውንም አሳዩ። ጋራዡ ባለሙያው መነጽር አድርጎ በግራይንደር ቀለበቱን ይክፈትላችሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው አይቁረጡ። የኳሶቹን መንገድ ተመልከቱ። በኳሶቹ ልክ እኩል እየተራራቀ የተጎደጎደ ምልክት ካለ ሲገጠም በመዶሻ ተመትቷል። ዘንግ ላይ ሲገባ መገፋት ያለበት የውስጠኛው ቀለበት ነው፣ በልኩ ቧንቧ ተደግፎ፤ ውጪው ሲመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል አልፎ መንገዱን ይወጋዋል። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ከሆነ ከልክ በላይ ግሏል። ግራሶም ሲበዛ ያግላል፤ ባዶ ቦታውን ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚሞላው። አጥብቆ የሚገባ ከሆነ ቀለበቱን ከ80 እስከ 110 ዲግሪ አሙቆ ማስገባት ነው፤ በእሳት ነበልባል ግን ፈጽሞ አይሆንም።

አንድ ኩሽኔታ ለምን እንደሞተ ከምልክቱ ማንበብ የጥገና ሙያ እምብርት ነው። 16 ዓመት የሆነው ልጅ ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይይዘዋል። የደስ ደሱን ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ።

የመስመር_ኃላፊ (ልብስ ስፌት)

መምህርት ሰላም። ስፌት ክፍልን ብዙ ሰው ተቀምጦ መስፋት ብቻ አድርጎ ያየዋል። የሚማርከው ግን የመስመሩ ሚዛን ነው፣ እሱን ደግሞ በወረቀት ማሳየት ይቻላል።

አምስት ልጆችን ደርድሪና ፖስታ ይሥሩ፦ አንዱ ይቁረጥ፣ ሁለተኛው ይጠፍ፣ ሦስተኛው ይለጥፍ፣ አራተኛው ማኅተም ይምታ፣ አምስተኛው ይፈትሽ። 20 ፖስታ እስኪያልቅ አንድ ልጅ በስልክ የእያንዳንዱን ሥራ ሰዓት ይያዝ። በአብዛኛው ማጣበቂያው ጋ ክምር ይሠራል። ቆራጩ ምንም ያህል ቢፈጥን የሚወጣው ፖስታ አይጨምርም፣ ክምሩ ብቻ ያድጋል። ከዚያ ቆራጩ ጊዜ ሲተርፈው ማጣበቂያውን እንዲረዳ አድርጊና እንደገና ቁጠሪ።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። አንድ ሥራ 0.5 ደቂቃ ከፈጀ በሰዓት 120 ቁራጭ ይወጣዋል፤ በ70 በመቶ ብቃት 84። ትከሻ 0.5፣ እጅጌ 0.75፣ አንገት 0.9 ደቂቃ የሚፈጁበት መስመር በሰዓት ከ66 በላይ ቲሸርት አያወጣም፣ ሁሉም በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ። አንገቱ ላይ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ጠባቡ ቦታ ወደ እጅጌው ይዞራል፣ በሰዓት 80 ይሆናል። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ነው መስመር የሚመራው፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ማሽኑንም ሰውንም ማወቅ ይጠይቃል።

አንድ ነገር በቅርብ እንዲያዩ ከፈለግሽ መርፌ ይሁን። የፋብሪካ ሲንግል ኒድል (ባለ አንድ መርፌ ማሽን) ላይ ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ ይዞራል፣ ክሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይገባል። መርፌው ተገልብጦ ከገባ ስፌቱ ይዘላል ወይም ጭራሽ አይያዝም። ስፌት ሲዘል ጀማሪ ወዲያው መካኒክ ይጠራል፤ የበሰለች ሠራተኛ ግን መጀመሪያ መርፌው በትክክል መግባቱን፣ ቀጥሎ መደነዙንና መጉበጡን ታያለች። መርፌ ሲሰበር ደግሞ ቁርጥራጩ ሁሉ ተፈልጎ ወረቀት ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ይመዘገባል፤ ካልተሟላ በዙሪያው ያለው ልብስ ሁሉ ተይዞ በመርፌ መፈለጊያ ማሽን ያልፋል። ምክንያቱን ለልጆቹ ንገሪያቸው፦ ያ ልብስ የሕፃን ሊሆን ይችላል። ሥራው ምን ያህል ኃላፊነት እንዳለበት ያኔ ይገባቸዋል።

ወላጅ_ከሮቢት

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ዕውቀታችሁ ደስ ይላል። ግን እንደ ወላጅ ልናገር። ልጅን 12 ዓመት የምናስተምረው ሦስት ፈረቃ ቆሞ እንዲያድር አይደለም። ደመወዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም ይባላል። መጡ የተባሉትም ድርጅቶች ትዕዛዝ ሲቀር ሠራተኛ ይበትናሉ። ለልጆቹ ማሽኑን አሳይታችሁ ይህን ከደበቃችሁ አታልላችኋቸዋል።

የሰው_ኃይል (ኮምቦልቻ)

ወላጅ_ከሮቢት፣ ትክክል ነዎት፤ መደበቅ የለበትም። ልጆቹ ሙሉውን ይስሙ። በእኛ ሕግ ለግል ድርጅት የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ስለዚህ ልጆቹ «ደመወዙ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን ደመወዙ ከምን ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ይማሩ። መነሻው ስንት ነው? ላልቀረ ሠራተኛ የሚሰጠው ስንት ነው? የምርት ማበረታቻው ከምን በላይ ነው የሚቆጠረው? ምሳና ሰርቪስ አለ? የመነሻና የማበረታቻ ድምርን «ደመወዝ» ብሎ የሚናገር ቀጣሪ ያጋጥማል፤ አንድ ቀን ሲታመሙ ነው ልዩነቱ የሚታወቀው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ያለውን በቃላቸው ይያዙ። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው 1.5፣ ከማታ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ለማስላት ያህል የሰዓቱ 40 ብር ቢሆን 60፣ 70፣ 80 እና 100 ብር ይሆናል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው።

ዕድሜም አለ። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም ከማታ 4 በኋላ ያለ ሥራም ክልክል ነው። ስለዚህ የ17 ዓመት ልጅን ለሌሊት ፈረቃ የሚመለምል ካለ ሕግ እየጣሰ ነው፤ ልጆቹ ይህን ከእናንተ ይስሙት።

ፈረቃውም እንዲህ ነው፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ማታ 4፣ ከማታ 4 እስከ ጠዋቱ 12። በየሳምንቱ የሚቀያየርበት ቦታ አለ። ለሴት ልጅ የመጀመሪያው ጥያቄ ማታ 4 ሰዓት የሚወጣው ሰርቪስ ሰፈሯ ድረስ ያደርሳል ወይስ አስፋልት ላይ ያወርዳታል የሚለው ነው።

ቶርኖ_ቤት

ለወላጅ_ከሮቢት፦ ጋሼ፣ የትዕዛዝ መቅረቱ እውነት ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ተመረቀ፤ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚያስልከው ዕድል) የወጣችው ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ነው። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የሚሰፋ ድርጅት በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጎዳል። በዚያው ዓመት በጦርነቱ በከተማው ፋብሪካዎች ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ የምወስደው ግን «ፋብሪካ አይሆንም» የሚለውን አይደለም። ልጁ ምን ዓይነት ሙያ ይዞ ይግባ የሚለውን ነው። አንድ ስፌት ብቻ የምታውቅ ልጅ መስመሩ ሲዘጋ አብራ ትቆማለች። ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ሞተር፣ የአየር ግፊት፣ የመቆጣጠሪያ ፓኔል የሚያውቅ ልጅ ግን ከጨርቃ ጨርቅ ወደ ዱቄት፣ ከዱቄት ወደ ብረታ ብረት ይሻገራል። 6205 እዚያም እዚያም 6205 ነው። ኮምቦልቻ ይህ ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ አለ፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቆርቆሮና ምስማር፣ ዱቄት፣ መጠጥ። አገራችን ውስጥ ሁሉም ከተማ እንዲህ አይደለም።

መንገዱንም ለልጆቹ ግልጽ አድርጉላቸው። ውጤት የመጣለት በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ወይም ጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ሊማር ይችላል። ሌላው ደሴ ወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ወይም ኮምቦልቻ ያለው ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ ሥልጠናው በደረጃ ይወጣል፣ ከፊሉ በትብብር ሥልጠና ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ማረጋገጫው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ነው። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ በማስታወቂያ ስለሚወጣ ከሬጅስትራሩ ጠይቁ። ሲኦሲ ላይ ልጆች የሚወድቁት በአብዛኛው በጽሑፉ አይደለም፣ በተግባሩ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ማሽን ሲጠበቅ ተራ ስለማይደርስ። እንግዲያው ኮሌጅ ከመምረጣቸው በፊት «ለስንት ሠልጣኝ ስንት ቶርኖ አለ? የሚሠራውስ ስንቱ ነው?» ይበሉ።

ሌላም ልጨምር። ቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ 40 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ለስላሳ ብረት በተለመደው መቁረጫ ስንት ዙር ይዞራል? የመቁረጫው ፍጥነት በደቂቃ 25 ሜትር ቢሆን 25,000ን በ3.14 ከዚያ በ40 ታካፍላላችሁ፤ 199 ዙር በደቂቃ። ብረቱ 20 ሚ.ሜ. ሲሆን 398። የክብ ዙሪያ ቀመር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ይህን የሚያሰላ ልጅ የወደቀ ልጅ አይደለም።

ወላጅ_ከሮቢት

«ለስንት ሠልጣኝ ስንት ቶርኖ» የሚለውን ራሴ ሄጄ እጠይቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዱቄት_ወፍጮ

ዱቄት ፋብሪካን አትርሱት፤ ልጆች ውጤቱን በየቀኑ ይበሉታልና ለማስረዳት ይቀላል። ስንዴ እንደመጣ አይፈጭም፣ ውኃ ይጠጣል። የስንዴው እርጥበት 11 በመቶ ከሆነና 15.5 ከተፈለገ፣ ለ1,000 ኪሎ 1,000 × 4.5 ÷ 84.5 = 53 ሊትር ውኃ ነው። ልጆች 1,000ን በ4.5 በመቶ አባዝተው 45 ይላሉ። ስህተቱን ራሳቸው ይፈልጉት፤ የተጨመረው ውኃም ጠቅላላ ክብደቱን ይጨምራል። ከዚያ እንደ ስንዴው ጥንካሬ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያርፋል። ካላረፈ ገለባው ደርቆ ይሰባበርና ዱቄቱን ያጠቁረዋል፤ ውኃው ሲበዛ ደግሞ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ክፍል ውስጥ 500 ግራም ስንዴ ለሁለት ከፍላችሁ፣ ግማሹን አርሳችሁ አሳድራችሁ በሙቀጫ ውቀጡና ገለባውን አነጻጽሩ። አንድ ብር አያስወጣም።

ሦስት_ፌዝ

አጭር ላድርገው። ልጆቹን የሞተር መለያ ሳህን አስነብቧቸው። 7.5 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት ያለው 15 አምፔር አካባቢ ይስባል። መከላከያው ሪሌይ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያቆመው) በዚያ ልክ ይስተካከላል። ሞተሩ ሲያቆም «ከፍ አድርገው» ብሎ ሪሌዩን ወደ 20 የሚያዞር ሰው አለ፤ አንድ ፌዝ ተቋርጦ ከነበረ ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ ላይ እየጮኸ ይቃጠላል። ሪሌዩ ጥፋተኛ አልነበረም፣ ሊናገር ፈልጎ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን በ24 ቮልት ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና አምፖል ብቻ አሳዩ። ሦስት ፌዝ ለማሳያ አይነካም።

የሙያ_ክበብ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አብዛኞቹ ሴቶች ሂጃብ ወይም ነጠላ ይለብሳሉ፤ ማሽን አጠገብ እንዴት ይሁን? የቢራ ፋብሪካውንስ ከዝርዝሩ ላስወጣው?

የመስመር_ኃላፊ

አብሽሪ፣ ሂጃብ ችግር የለውም፤ የሚንጠለጠል ጫፍ ነው ችግሩ። አጭር፣ ገላ ላይ የሚያርፍ፣ ጫፉ ቀሚስ ወይም ጋውን ውስጥ የገባ ይሁን። ስፒል አይደረግ፤ ወድቆ ማሽን ወይም ጨርቅ ውስጥ ይገባል። ነጠላ መኪናው ውስጥ ይቅር፤ የሚሽከረከር ዘንግ ጥለት ሲይዝ ሰው አይቀድመውም። ሐብል፣ ቀለበት፣ አምባር አይደረግ፤ ፀጉር ይታሰር፣ ሰንደል ሳይሆን ድፍን ጫማ። ወንዶቹም የሹራባቸውን ክር አንገት ላይ አይተዉ።

ስለ ቢራው፦ ከ42 ልጆች ውስጥ ቤተሰቡ የማይፈቅድ ስለሚኖር ለሁሉም የሚሆነውን ምረጪ። ፓስታና ዱቄት፣ ፈትል፣ ብረታ ብረት ይበቃል፤ ሞተሩና ማጓጓዣው አንድ ነው። ዓርብም አትውረዱ፤ ጁምዓ ስላለ ቀኑ ይቆረጥባችኋል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ጥሩ ነው።

ሌላው ሴቶቹን የሚያገኛቸው ሰው ነው። ስፌት ክፍል ሴት ይሞላል፣ ጥገና ክፍል ግን ሴት ጥቂት ናት። ፋብሪካውን ስትጠይቂ «ሴት መካኒክ ወይም ኤሌክትሪሺያን ካለች እሷ ታስጎብኝልን» በይ። ከሌለችም ከኮሌጅ የመጨረሻ ደረጃ ሠልጣኝ ትምጣላችሁ። 23ቱ ልጆች የስብሰባ ንግግር ሳይሆን ዘይት የነካ እጅ ይዩ።

ክር_ቁጥር

ስለ ጉዞው የምጨምረው። 42 ልጅ አንድ ላይ ማሽን ፊት አይቆምም፤ በ14 ከፋፍለው ሦስት ቡድን ያድርጉ፣ አንዱ ፈትል፣ ሁለተኛው ጥገና ክፍል፣ ሦስተኛው ጥራት ላብ፣ እየተቀያየሩ። የጥራት ላቡን አደራ፤ እናንተ በጣውላ የሠራችሁት እዚያ በማሽን ነው የሚጠመጠመው። ሽመና ክፍል ውስጥ ድምፁ ስለሚያደነቁር ጆሮ መድፈኛ ይደረግ፤ ማስረዳቱም በር ላይ ይለቅ፣ ውስጥ ማንም አይሰማም። ስልክና ካሜራ ፈቃድ ካልተሰጠ ከኪስ አይውጣ።

ደብዳቤውን ሁለት ሳምንት ቀድመው ያስገቡ፤ «ለጉብኝት» ብቻ ሳይሆን ምን ማየት እንደሚፈልጉ በስሙ ይጻፉ፦ ድሮው ፍሬም፣ ሪንግ (ክሩን የሚፈትለው ማሽን)፣ ጥገና ክፍል፣ ላብ። እንዲህ ካልተጻፈ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው ስለ ድርጅቱ ታሪክ ያወሩላችኋል። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ሲወረድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሆዱ የሚታወክ ልጅ ፊት ወንበር ይቀመጥ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሡ፤ የፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ላይ አትድረሱ።

ቴርሞሜትር አለን ብለዋል። የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልለው ከደረቁ ጋር ጎን ለጎን ሰቅለው በደብተር እያራገቡ ያንብቡ። ልዩነታቸው ሲሰፋ አየሩ ደረቅ ነው። ሪንግ ክፍል ውስጥ እርጥበቱ ከ55 እስከ 60 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ሲደርቅ ጥጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ሮለር ላይ ይጠመጠማል፣ ክር ይበጠሳል። ልጆቹ «ዛሬ እርጥበቱ ስንት ነው? ትናንትና ስንት ክር ተበጠሰ?» ብለው የፈረቃ ኃላፊውን ይጠይቁት። እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ሲያጋጥመው ቆሞ ያስረዳል።

የሙያ_ክበብ

ዛሬ ክሩን ሞከርነው። የፋብሪካው ድር አምስቱ ቡድን፦ 2.93፣ 2.97፣ 3.01፣ 2.95፣ 3.12 ግራም። የእንዝርቱ ማግ፦ 6.1፣ 7.4፣ 5.2፣ 6.8፣ 8.0። ማጉ ለምን እንደተራራቀ ገባቸው። አምስተኛው ቡድን ግን «የእኛ ድር ወፍራም ነው» ብሎ ይከራከራል፤ ጥቅሉ አንድ ነው። ምን ልበላቸው?

ክር_ቁጥር

ምንም አይበሏቸው፣ ዙሩን ይቁጠሩት። ክሩን ካልጣላችሁት ጣውላው ላይ መልሳችሁ ጠምጥሙት። 3.12 ከሌሎቹ አማካይ 5 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ዙሩ 105 ከሆነ የቆጠራ ስህተት ነው። 100 ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መደረቡን እዩ። ሁለቱም ካልሆነ ክሩ በእርግጥ ወፍሮ ነበር፣ ከዚያው ጥቅል ሦስት ናሙና ቀጥላችሁ መዝኑ።

የሙያ_ክበብ

105 ዙር ነው። ቆጣሪዋ ልጅ 60ዎቹ ላይ ሰው አናግሯት እንደነበር ራሷ ተናገረች። አሁን በየ10 ዙሩ ወረቀት ላይ ጭረት ማድረግ ጀምረዋል። ለማክሰኞ የምንሄድበት ደብዳቤ ላይ ድሮው ፍሬምን በስሙ ጽፈነዋል።

ክር_ቁጥር

ያቺን ልጅ ጥራት ላብ ቡድን ውስጥ ያስገቧት። ጣውላውንም ይዛ ትምጣ፤ የላቡ ሰዎች በማሽናቸው ጠምጥመው ያስተያዩላታል።